ወደ አይጡ አገር፣ ያለ መኪና

በአሜሪካ ሽማግሌ ብቻውን ሐኪም ቤት ቢመላለስ የሚገረም የለም። ብቻውን ለቅሶ ቢደርስ ይመሰገናል። «ብቻዬን ዲዝኒ ወርልድ ልሄድ ነው» ያለ ዕለት ግን ልጆቹ ይደዋወላሉ፣ ለንስሐ አባቱ ይነገራል፣ ካፌ ያሉት እኩዮቹ ደግሞ «ከሚስቱ ተጣልቶ ነው» ብለው ጉዳዩን ይዘጋሉ። አልተጣላንም። አብረን እንሂድ ብያት ነበር። «እኔ አይጥ ሳይ ወጥመድ እገዛለሁ እንጂ ትኬት አልገዛም» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ክርክር አልገጠምኳትም፤ ሚኪ ነጭ ጓንት ስላጠለቀ አይጥነቱ አይቀርለትም።

ልጆቼማ የልጅ ልጆቼን ይዘው ወደዚያ ሲመላለሱ እኔን ጥለውኝ የሚሄዱት በሙቀት እያሳበቡ ነው። «አባዬ፣ የፍሎሪዳን ሙቀት አትችለውም!» አቦ ተዉኝ! የድሬዳዋን ልጅ በሙቀት ታስፈራራላችሁ? የከዚራን ዛፍ ተጠግቼ ስንቱን ቀትር ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። የምሄደውም ለአይጡ አይደለም፤ ለባቡሩ ነው። ድሬን የወለዳት ባቡር ነው፤ ሐዲዱ በ1902 እዚያ ባይደርስ ኖሮ ከተማዋም እኔም አንኖርም ነበር። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ እዚህ አገር በእኛው ብቆጥር ማን ይሰማኛል?) አዲስ አበባ የገባው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1917 ነው። ይህን የአዲስ አበባ ልጆች ባሉበት ጮክ ብዬ እናገረዋለሁ።

ዲዝኒ ወርልድ ውስጥ ማጂክ ኪንግደም የሚባለውን ግቢ የሚዞሩት አራት የእንፋሎት ባቡሮች የይስሙላ አይደሉም። ፊላደልፊያ የነበረው የባልድዊን ፋብሪካ ከ1916 እስከ 1928 ባለው ጊዜ የሠራቸው፣ ሜክሲኮ ውስጥ ዩካታን ላይ ሲጎትቱ የኖሩ፣ ዲዝኒዎች በ1969 ገዝተው ያደሷቸው እውነተኛ ባቡሮች ናቸው። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ አሁንም ውኃ እየፈላባቸው ሥራ ላይ ናቸው። ሙቀት ይጎዳሃል የምባለው እኔ ነኝ።

ችግሩ መድረሱ ላይ ነው። መኪና የለኝም። ይህን የምለው በዋሽንግተን ፓርኪንግ ቤቶች የሌላውን ሰው መኪና ሳስገባና ሳስወጣ ጡረታ የደረስኩ ሰው ነኝ። የጠበቃ መኪና አቁሜአለሁ፣ የአምባሳደር መኪና አቁሜአለሁ፤ ባለቤቱ ራሱ «አይገባም» ያለው ቦታ ላይ ስንቱን መኪና ሳልጭረው አስገብቻለሁ። ዓይኔ ደከም ሲል መንጃ ፈቃዴን ማንም ሳያስገድደኝ መለስኩ፤ መኪናዬንም ለእህቴ ልጅ ሰጠሁ። ከዚያ ወዲህ ነው ይህ አገር ያለ መኪና ሰው እንደማይቆጥር የገባኝ። መታወቂያ ሲጠይቁህ እንኳ መንጃ ፈቃድ አምጣ ነው የሚሉህ።

በጣም ያናደደኝን ልንገራችሁ። ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ፣ ሎርተን ቨርጂኒያ ላይ፣ በየቀኑ ወደ ፍሎሪዳ የሚነሳ ባቡር አለ። መንገድ ላይ መንገደኛ ሳያወርድና ሳይጭን፣ 1,400 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረውን መንገድ ሌሊቱን ገስግሶ፣ ጠዋት ከኦርላንዶ በስተሰሜን ባለችው ሳንፎርድ ይገባል። አልጋ አለው፣ እራት አለው። ይኼማ ለእኔ የተሠራ ነው አልኩ። አይደለም። አውቶ ትሬን ነው የሚባለው፤ መኪና ወይም ሞተር ሳይክል ይዞ ያልመጣ ሰው አይሳፈርበትም። መኪናው ከኋላ ፉርጎ ውስጥ ይጫናል፣ ባለቤቱ ከፊት ይተኛል። ወገኖቼ፣ መኪና ያለውማ ነድቶ ይሄዳል! ባቡር የሚያስፈልገው ለሌለው አይደለም እንዴ? ካፌ የማገኘው ጓደኛዬ መላ የማያጣ ሰው ነው፤ «መኪና ተከራይና ጫነው» አለኝ። ለባቡር ለመሳፈር መኪና ልከራይ! የተከራየሁትን መኪና ማን ነድቶ ጣቢያ እንደሚያደርስልኝ ስጠይቀው ቡናውን መጠጣት ጀመረ።

ሌላ ባቡር አለ። ሲልቨር ሚቲየር ይባላል፤ ከኒው ዮርክ ተነስቶ በዋሽንግተንና በአሌክሳንድሪያ አልፎ ወደ ማያሚ ይወርዳል፤ እግረኛ ይቀበላል። መሸት ሲል ተሳፍሮ በማግሥቱ ቀትር አካባቢ ኦርላንዶ መውረድ ነው። አውሮፕላን በሁለት ሰዓት ያደርስሃል ትሉኛላችሁ። ቀበቶዬን አስፈትተው፣ በአንድ እጄ ሱሪዬን እንደያዝኩ «ሁለቱንም እጅ ወደ ላይ» የምባልበትን ጉዞ መዝናኛ ብዬ አልጀምርም።

ኦርላንዶ ወረድኩ እንበል። ዲዝኒ ኦርላንዶ ውስጥ አይደለም። ሰው ሁሉ ኦርላንዶ ይበል እንጂ ቦታው ከመሃል ከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሰንሬይል የሚባል የአካባቢው ባቡር አለ፤ ወደ ዲዝኒ አይሄድም፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያም አይሄድም፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ጭራሽ አይሄድም። ሰንበትን የሚያከብር ባቡር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሊንክስ የሚባለው የከተማ አውቶቡስ በ2 ዶላር ያደርሳል፤ እግዜር ይስጠው፤ ግን ሻንጣ ጉልበት ላይ አስቀምጦ በየፌርማታው እየቆሙ መሄድ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ የዲዝኒን ሆቴል እንግዳ ሻንጣውን ሳይቀር ተቀብሎ የሚያደርስ ነፃ አውቶቡስ ነበረ። በ2005 ተጀመረ፣ በ2022 መግቢያ ላይ ቆመ። እኔ እጄን እስካሳርፍ ጠብቀው ዘጉት። አሁን ያለው የሚከፈልበት ነው።

በ2011ማ የሆነው የባሰ ነው። ከታምፓ ኦርላንዶ የሚመላለስ፣ ዲዝኒ ላይ ጣቢያ የሚኖረው ፈጣን ባቡር እንዲሠራ የፌዴራሉ መንግሥት 2.4 ቢሊዮን ዶላር አቅርቦ ነበር። የዚያን ጊዜው አገረ ገዥ ሪክ ስኮት አልፈልግም ብለው መለሱት። 2.4 ቢሊዮን ዶላር! በእኛ ሰፈር ሰው በሳህን የተላከለትን ንፍሮ እንኳ አይመልስም። ብራይትላይን የሚባለው የማያሚ ባቡር በ2023 ኦርላንዶ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጣ፤ እሱንም ዲዝኒ ድረስ ለማምጣት ተነድፎ የነበረው ዕቅድ ቀረ። ባቡር ሁሉ ወደ አይጡ ይነሳል፣ ደጁ ሲደርስ ይደክመዋል።

ነገሩን እንቆቅልሽ የሚያደርገው ዋልት ዲዝኒ ራሱ የባቡር ሰው መሆኑ ነው። ካሊፎርኒያ መኖሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሐዲድ ዘርግቶ ትንሽ የእንፋሎት ባቡር ላይ ተቀምጦ ይነዳ ነበር። በ1963 ፍሎሪዳን በአውሮፕላን ሲቃኝ ሁለት አውራ ጎዳናዎች የሚገናኙበትን አካባቢ ከላይ አይቶ መረጠ። ከዚያ ስሙን በደበቁ ኩባንያዎች በኩል ረግረጉን ቀስ እያለ ገዝቶ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ያዘ። እዚያ ሊሠራ ያሰበው መጫወቻ ብቻ አልነበረም። በ1966 ኤፕኮት ብሎ የሰየመውን፣ 20 ሺህ ሰው የሚኖርበትን ከተማ ዕቅድ ካሜራ ፊት ቆሞ አስረዳ፤ መሃሉ ጣሪያ ያለው፣ መኪናና ጭነት ከመሬት በታች የሚሄድበት፣ ላይኛው ምድር ለእግረኛ የተተወ፣ ሰው በሞኖሬይልና ሳይቆም በሚንሸራተት ትንሽ ተሽከርካሪ ሥራ የሚገባበት። ይህን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ ሰው አሜሪካ ውስጥ ነበረ ለካ! ሰውየው በዚያው ዓመት በዲሴምበር ሞተ፤ ከተማውም አብሮት ተቀበረ።

ቀጠል አድርጌ ሳነብ ግን ዋልት በዚያ ከተማ ጡረተኛ እንዳይኖር፣ ነዋሪው በሙሉ ሠራተኛ እንዲሆን አስቦ እንደነበር አየሁ። የለቅሶ ፍራሼን ያን ጊዜውኑ አጠፍኩ።

ወንድሙ ሮይ የመጀመሪያውን ግቢ ጨርሶ በኦክቶበር 1 ቀን 1971 ከፈተና እሱም ዓመቱ ሳያልቅ አረፈ። ኤፕኮት የሚለው ስም በ1982 ለከተማ ሳይሆን ለሁለተኛው መጫወቻ ተሰጠ፤ በሩ ላይም ዓይን የማይጨርሰው የመኪና ማቆሚያ ተነጠፈለት። ያ ሳይቆም የሚንሸራተተው ተሽከርካሪስ? አለ። ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ከ1975 ጀምሮ ሰው ጭኖ ይዞራል፤ ዐሥር ደቂቃ ያህል ያንሸራሽርህና የተነሳህበት ቦታ ላይ ይመልስሃል። ሠራተኛ ሊያመላልስ የታሰበው የትም የማያደርስ መጫወቻ ሆኖ ቀረ። እኔ እሱን ደጋግሜ እሳፈርበታለሁ። ሌላው ቢቀር አክብሮት ነው።

አሁን ነገሩን ተመልከቱልኝ። አሜሪካዊው ቤተሰቡን ጭኖ ከጆርጂያ፣ ከቴነሲ ነድቶ ይመጣል። ለማቆሚያ በየቀኑ ይከፍላል። ከዚያ ምን ያደርጋል? ባቡር ይሳፈራል። ጀልባ ይሳፈራል። ከ2019 ወዲህ ደግሞ ስካይላይነር በሚባል፣ በሽቦ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ በሚሄድ ሳጥን ይሳፈራል። የግል መኪና ዝር በማይልበት ዋና መንገድ ላይ በእግሩ ይንሸራሸራል፣ ለማያውቀው ሰው ፈገግ ይላል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ መንገደኛ ያያል። ይህንኑ እኛ ከዚራ ላይ ስናደርገው ሥራ ፈት ነበር የምንባለው። እዚህ ለአንድ ቀን ከ100 ዶላር በላይ ይከፈልበታል፤ በበዓል ሰሞን ማጂክ ኪንግደም 200ንም ያልፋል። በ1971 ሲከፈት የአዋቂ መግቢያው 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበረ። ጨዋታው ለብቻው ይከፈልበት እንደነበር አውቃለሁ፤ ቢሆንም።

በሙያዬ አንድ ነገር ልመስክር። ማጂክ ኪንግደም በር ድረስ በራስህ መኪና አትደርስም። ሐይቅ ማዶ ባለው ሜዳ ታቆምና ወይ በጀልባ ትሻገራለህ ወይ በሞኖሬይል ትዞራለህ። ልጆቼ «ኡበር ጥራ» የሚሉት ኡበርም የሚያወርደው እዚያው ማዶ ነው። በዲዝኒ ሆቴል ያደረ ሰው ግን በነፃው አውቶቡስ መጥቶ በሩ አጠገብ ይወርዳል። ባለመኪናው ለማቆሚያ ከፍሎ ገና ሐይቁን ሲያይ እግረኛው ውስጥ ገብቷል። እንዲህ ያለ ፍርድ በሌላ የአሜሪካ ከተማ ካያችሁ ንገሩኝ፣ እዚያ ልግባ።

ስለ ትኬት ካነሳን፣ በዚህ አገር ሽማግሌነት ያለው አንድ ጥቅም ቅናሽ ነው። አውቶቡሱ ይቀንስልሃል፣ ሲኒማው ይቀንስልሃል፣ ረጅም መንገድ የሚሄደው ባቡር እንኳ ይቀንስልሃል። በአይጡ ግቢ ለሽማግሌ የሚባል ትኬት የለም። ሦስት ዓመት ያልሞላው በነፃ ይገባል፣ እስከ 9 ዓመት ያለው ጥቂት ይቀነስለታል፣ ከ10 ዓመት ጀምሮ ሁሉም አዋቂ ነው። እኔና የልጅ ልጄ እኩያ ሆነናል። እሷ ግቢውን ሁለት ጊዜ ስትዞረው እኔ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ሂሳቡ ግን አንድ ነው። ትልቋ ልጄ ለዚህም መፍትሔ አላት፤ «አባዬ፣ በኤሌክትሪክ የምትሄደውን ጋሪ እንከራይልህ»። መንጃ ፈቃዴን በፈቃዴ መልሼ ሕፃናት መሃል ጋሪ ልንዳ?

ዕቅዱማ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የእኛ ሰው እግዜር ካለ ብሎ ነው የሚነሳው። እዚያ ግን ምሳህን ከ60 ቀን በፊት ታስይዛለህ። በእኔ ዕድሜ ከ60 ቀን በኋላ ለሚበላ ምሳ ቀጠሮ መስጠት ድፍረት ነው። ወረፋ መዝለያ የሚባልም አለ፤ በ1999 ሲጀመር በነፃ ነበር፣ ከ2021 ወዲህ ገንዘብ ሆኗል፣ ስሙም ላይትኒንግ ሌን ተብሏል። ሆቴላቸው የሚያድር ከ7 ቀን በፊት፣ ሌላው ከ3 ቀን በፊት ይገዛዋል። ወረፋ ላለመሰለፍ ቀድመህ ትሰለፋለህ። ይህ ሁሉ የሚከናወነው ስልክ ላይ ነው። ትንሹ ልጄ አፑን ጫነልኝና «አባዬ፣ ፓስወርዱን ለማንም እንዳትናገር» አለኝ። ያወጣው እሱ ነው፤ ለእኔም አልነገረኝም። ትልቋ ደግሞ በቀለም ያሸበረቀ ሰንጠረዥ ላከችልኝ። ጠዋት የምነሳበት፣ ቁርስ የምበላበት፣ ጥላ ሥር የማርፍበት ሰዓት ሁሉ ተጽፎበታል። ፓርኪንግ ስሠራ እንኳ እንዲህ ያለ ጥብቅ ፈረቃ አልገጠመኝም።

ወሩን ግን እኔ ነኝ የመረጥኩት። በጋቸው ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ነው፤ ከጁን እስከ ኖቬምበር የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ በገናቸው ሰሞን ሰው ሰውን ይረግጣል። ስለዚህ በጥምቀትና በዐቢይ ጾም መካከል ያለችውን ጊዜ ያዝኩ። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ናቸው፣ ትኬቱም ረከስ ይላል። የንስሐ አባቴ «ነነዌ እንዳለች አትርሳ» አሉኝ። ጾሙስ አያሳስብም። ከ2019 ጀምሮ ምግብ ዝርዝራቸው ላይ ከሥጋና ከወተት የራቀው በቅጠል ምልክት ይታወቃል፤ ዝነኛው የአናናስ አይስክሬማቸው ሳይቀር ወተት የለበትም። ፈረንጅ ሳያውቀው ለረቡዕና ለዓርብ አሰናዳልን።

የሚያሳስበኝ ብቻዬን መብላቱ ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ያደገ ሰው፣ አስተናጋጇ «ስንት ናችሁ?» ብላ ከኋላው ስትፈልግ ምን ይመልሳል? ያ መላ የማያጣው ጓደኛዬ «አይጡ ራሱ ጠረጴዛህ ድረስ መጥቶ ሰላም የሚልህ ምግብ ቤት አለ፤ እዚያ ግባ፣ ብቻህን አትበላም» አለኝ። ሚስቴ ይህን ስትሰማ ሳቋ ሌሊቱን አላስተኛንም።

ብቸኝነት ደግሞ ኪሳራ ነው። ሆቴሉ የሚያከራየው ክፍል ነው፤ አንድ ሆነህ ብታድር አራት ሆነህ ብታድር ብዙ ለውጥ የለውም። ትርፍ የተባለው ይኼ ነው፤ አንዳንዱ ጨዋታ ባዶ የቀረች አንዲት ወንበር ለመሙላት ሲል ብቻውን ለመጣ ሰው አጠር ያለ ወረፋ አለው። አኒማል ኪንግደም በሚባለው ሌላው ግቢያቸው ያለው ኤቨረስት አንዱ ነው። «ባቡር ነው አባዬ፣ ትወደዋለህ» አሉኝ። አጣራሁ። ባቡሩ ተራራ ይወጣል፣ ሐዲዱ ተገነጣጥሎ ያገኘዋል፣ ከዚያ በጨለማ የኋሊት ይወረወራል። ሐዲድ በጎርፍ ተበልቶ ባቡር የኋሊት ሲመለስ ድሬ ላይ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ተሳፋሪው ተራገመ እንጂ ተሰልፎ ድጋሚ ልውጣ አላለም።

እዚያው ግቢ ሃራምቤ የሚሉትን የምሥራቅ አፍሪካ ከተማ ሠርተዋል። ግድግዳው ሆን ተብሎ እንዲላጥ፣ ቀለሙም ፀሐይ የበላው እንዲመስል ተደርጓል። እኛ ስንላጥ ማንም አልከፈለንም። ኤፕኮት ደግሞ ሐይቅ ዙሪያ 11 አገሮች ተደርድረዋል፤ ከአፍሪካ የተገኘችው ሞሮኮ ብቻ ናት። ሆኖም ከሜክሲኮ እስከ ካናዳ ያለ ቪዛ፣ በእግር፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ኤምባሲ በር ላይ ለተሰለፍን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ሆቴሉን ስካይላይነሩ ከሚነሳበት አጠገብ ይዣለሁ። የባቡሩንም ትኬት በአዛውንት ቅናሽ ቆርጫለሁ። ልጆቼ በየተራ እየደወሉ «ቢያንስ እስከ ጣቢያው በመኪና እናድርስህ» ይላሉ። አልፈልግም። ኪንግ ስትሪት ሜትሮ ከአሌክሳንድሪያ ባቡር ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ሊሸኘኝ የፈለገ በሜትሮ ይምጣ፤ እዚያ አካባቢ መኪና ማቆሚያ እንደማይገኝ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።